የሰሜኑ ግድግዳ

አሮጌው የዴሹን ቤት ስንዴ በታጨደ ሰሞን መሬት ሲንቀጠቀጥ ወደቀ። ያን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እሱና ቻይፌንግ ሲጋቡ፣ ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት። ከበቅሏቸው በቀር ማንንም አልገደለም፤ ቻይፌንግ ባሏን በጋሪ ጭና ማሳ ወስዳው ነበር። ዴሹን ግማሽ ጎኑ ሽባ ነው። አንደበቱም ከስድብ በቀር አይታዘዝለትም።

ከአደጋው በኋላ ጡብ ለእኛ ዓይነቱ ሰው የማይቀመስ ሆነ። ያኔ ነው ዘጠኝ ተማሪዎች ከላንዡ ከተማ የመጡት። መሪያቸው ሩዪ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። የራሳችሁን አፈር ከአሸዋና ከጠጠር ቀላቅለን፣ በጣውላ መሃል ጠቅጥቀን፣ በውስጡ እንጨት አቁመን፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ የማይወድቅ ቤት እንሠራለን አሉ። በነፃ ነው። ከእኛ የሚፈለገው ደቦ መውጣት ብቻ ነው። አፈር መጠቅጠቅ የሚያውቅ ሽማግሌ ሲጠይቁ ሰዉ ወደ እኔ ላካቸው። በመንደሩ ሦስተኛው አጎት እባላለሁ።

ከዴሹን ቤት እንዲጀመር ያደረገው ልጁ ጂያንሸ ነው። ሩቅ ከተማ ይሠራል። ለእናቱ ደውሎ፣ «በዘመን መቁጠሪያው ብርድ ገባ በሚባለው ቀን መኪና ይዤ እመጣለሁ» አላት። «እስከዚያ ከድንኳን ካልወጣችሁ አባቴን የአረጋውያን መጦሪያ አስገብቼ አንቺን ይዤሽ እሄዳለሁ።» ክፉ ልጅ አይደለም። ድንኳን ውስጥ ያለ ሽባ ሰው ውርጩን አይችለውም። ቻይፌንግ ግን ባሏን ሌላ ሰው እንዲያጎርሰው አትፈልግም።

ሦስቱ ግድግዳዎች ደህና ቆሙ። የሰሜኑ ቀረ።

የአፈርን እርጥበት የምንለየው በእጅ ነው። አንድ እፍኝ ጨብጠን ከወገብ እንጥለዋለን። ከተበተነ ደህና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል። የሰሜኑን ግድግዳ በጀመርንበት ዋዜማ ዘንቦ ነበር። ክምሩን በሸራ ሸፍነነዋል፤ ውሃው ግን በሥር ገብቷል። ጎንበስ ማለት ወገቤን ስለሚቆርጠኝ ከክምሩ አናት፣ ፀሐይ ከመታው በኩል፣ ዘግኜ ጣልሁ። ተበተነ።

«ጠቅጥቁ» አልሁ።

ሩዪ መጥበሻና ትንሽ ሚዛን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ከሥር ያለውን መዝኜ፣ አድርቄ፣ መልሼ ልመዝነው። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።»

«ድንች መሰለሽ የምትጠብሽው?» አልኋት። «አባትሽ ሳይድህ ጀምሮ ግድግዳ ስጠቀጥቅ ኖሬያለሁ።»

ሰዎቹ ሳቁ። መጥበሻዋን ይዛ ተመለሰች።

በአምስተኛው ቀን ግድግዳው ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ከአናቱ እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ ሁለት ጣት ያስገባል። የጡብ ቤት ያለው ጎረቤት ጓንግሉ እጁን ወደኋላ አጣምሮ መጣና ዞረው።

«ከተሜዎቹ ውሃ ሲያርከፈክፉበት በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። «ሻይ የሚያፈሉ መስሏቸው ነው እኮ!»

ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። ሩዪ ፊቷ ቀላ። ወደ እኔ አየች። እኔ ፒፓዬን ለኮስሁ።

እስከ ምሳ ድረስ ሳጨስ ቆየሁ። ምሳው ኑድል ነበር። ተማሪዎቹ ለብቻቸው ተቀምጠው በሉ፤ በርበሬውን ማንም አላቀበላቸውም። ያን ሳይ ሳህኔን አስቀመጥሁ።

ተነሥቼ ዶማ አነሣሁ። ቻይፌንግ ባልዲ ተሸክማ ቀደመችኝ።

«ጭቃ በጭድ አቡክቻለሁ» አለች። «እንለስነው። ከተለሰነ ማን ያያል?»

«ይፈርሳል» አልኋት።

«ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ፣ ሦስተኛ አጎት! ዘጠኝ!»

«ይፈርሳል።»

ባልዲውን አስቀመጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እንግዲያው በላዬ ላይ አፍርሰው። አንተ ምን ቸገረህ? ያንተ መደብ ከሥሩ እሳት እየነደደለት ሞቆልሃል። አንተ ክፉ ሽማግሌ!»

ዴሹን ከጋሪው ላይ፣ «የውሻ ልጅ!» ብሎ ጮኸ። ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

«ስሚኝ» አልኋት። «ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም። አፈሩን ያየሁት እኔ ነኝ። ከላይ ከላዩን አየሁ። ከሥሩ ልይ ስትለኝ ይህችን ልጅ አሳቅሁባት። ቤቱ ከተለሰነ በኋላ መሬት አንድ ጊዜ ቢነቃነቅ ይህ ግድግዳ የሚወድቀው ዴሹን በሚተኛበት በኩል ነው።»

ጓንግሉ አንገቱን አቀረቀረ። ቻይፌንግ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሮጌውንም የሠራኸው አንተ ነህ» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እሱም ወደቀ።»

«ወደቀ።»

ተነሣች። በጥፊ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። ዶማውን ከእጄ ነጥቃ ስንጥቁ ላይ አሳረፈችው። አንድ ቋጥኝ የሚያህል አፈር እግሯ ሥር ተደረመሰ።

«ዘጠኝ ቀን ነው» አለች ዞር ብላ። «ቆሞ የሚያይ ሰው አልፈልግም።»

እስከ ማታ አፍርሰን ጨረስን። ያን ቀን ደቦ ያልወጡትም መጡ።

በማግስቱ ሩዪ ክንዷን እስከ ብብቷ ክምሩ ሥር አስገብታ አፈር አወጣች። መዘነች፣ ጠበሰች፣ መዘነች። «አልደረሰም» አለች። ክምሩን ዘርግተን ለፀሐይ አሰጣነው። እኔ በመንሽ አገላብጥ ነበር። ከቀትር በኋላ ደግማ መዘነችና አሁንም አልደረሰም አለች። ሰዎቹ አጉረመረሙ።

«ልጅቷ አልደረሰም ብላለች» አልሁ። «ቁጭ በሉ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደረሰ አለች። ጠቀጠቅን። መጠቅጠቂያውን አራት አራት ሆነን በአንድ ድምፅ እያነሣን፣ በአንድ ድምፅ እያወረድን። ተማሪዎቹ መዳፋቸው ተላጠ፤ ጨርቅ ጠምጥመው ቀጠሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወፍራም ልጅ ነው። ሴቶቹ፣ «አንተማ መጠቅጠቂያም አያሻህ፣ ዝለልበት» ይሉት ነበር። እሱም ይዘልበታል።

በአምስተኛው ቀን የመጀመሪያው ውርጭ ወረደ። ውስጡ ውሃ የያዘ ግድግዳ ከቀዘቀዘ ይፈረፈራል። ቻይፌንግ ከፍርስራሽ ያወጣቻቸውን ሁለት የሠርግ ብርድ ልብሶች ይዛ መጥታ ግድግዳውን አለበሰችው። ሁለቱ ግማሹን እንኳ አልሸፈኑም። ጓንግሉ በቆሎውን የሸፈነበትን ትልቅ ሸራ እየጎተተ ደረሰ።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አላት። «ደጄ ላይ ድንኳን ማየት ስለሰለቸኝ ነው።»

«በቆሎህ እንዳይበሰብስ» አለችው።

«ይበስብስ» አለና መሰላሉ ላይ ወጣ።

በሰባተኛው ቀን ግድግዳው ከሦስቱ እኩል ሆነ። በስምንተኛው ወራጁን አወጣን፤ በላዩ ሸምበቆና ጭቃ አነጠፍን። የክዳኑ ሸክላ ግማሹ ድረስ ብቻ በቃ፤ የቀረውን በላስቲክ ሸፈንነው። ቻይፌንግ የምድጃውን መደብ በራሷ እጅ ለስና እሳት አነደደችበት። ዴሹንን አራት ሆነን ተሸክመን አስተኛነው። መደቡ ገና እንፋሎት ያወጣ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጂያንሸ መጣ። መኪናው ከነሹፌሩ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መንገዱ ላይ ቆመ። ልጁ ገባና አባቱን አየው፤ በእጁም መደቡን ዳበሰ። ከዚያ መዳፉን ሰሜኑ ግድግዳ ላይ አሳረፈ።

«እርጥብ ነው» አለ።

«ልክ እንደሚገባው ነው» አለች ሩዪ። «ጨርሶ እስኪደርቅ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ክብደት ግን ዛሬም ይሸከማል።»

«ማን ነው ኃላፊነቱን የሚወስደው?»

«እኔ» አለች።

«እኔም» አልሁ።

እናቱን አየ። «እማ፣ ቤቱ በር እንኳ የለውም።»

«በሩ ያውና» አለችው፣ ከፍርስራሹ ወጥቶ ደጅ የተጋደመውን እያሳየችው። «ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ጂያንሸ ወጥቶ ሹፌሩን አነጋገረ። መኪናው ዞሮ ሄደ። ተመልሶም የበሩን ጫፍ ያዘ። አንሥተው ደጃፉ ላይ ገጠሙት፤ ላይኛው በኩል ሰፍቶ አልገባ አለ። ጂያንሸ ጃኬቱን አውልቆ መላጊያ ጠየቀ።

ሰጠሁት።