«አብራችሁ ነው የምትኖሩት?»

የሰፈሩ ሰው «ሻለቃ» ይላታል። ሻለቃ ሆና ግን አታውቅም፤ ዕድሜዋን በጦሩ የሬዲዮ ክፍል ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ ኖራ በሃምሳ አለቅነት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ማዕረጉን ማን እንደጨመረላት አይታወቅም፤ አስተባብላ አስተባብላ ሲደክማት ተወችው። አላገባችም፣ አልወለደችም። ከሥጋ ዘመድ የቀረቻት የሟች እህቷ ልጅ ብቻ ናት። እሷም ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ቤት ከተከራየች ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል።

አንድ ቀን አንድ የድሮ ባልደረባዋ መንገድ ላይ አግኝቷት፣ «አንቺ እስካሁን ባንክ ነው የምታስቀምጪው? የሠራዊቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር፣ የራሳችን ቤት እያለ!» አላት።

ሻለቃ በሰው ወሬ የምትነዳ አይደለችም። ሄዳ ጠየቀች፤ ባንኳንም ጠየቀች። ማኅበሩ ለቁጠባ ከባንኩ የተሻለ ወለድ ይከፍላል፤ ብድሩም በብዙ ይረክሳል። በሌላ በኩል ቢሮው አንድ ብቻ ነው፤ ገንዘብ ለማውጣት ከተማውን ማቋረጥ ግድ ነው። አባል ለመሆን ዕጣ፣ ማለትም የማኅበሩን ድርሻ፣ መግዛት አለ፤ ስድስት ወር ሳይቆጥቡ ደግሞ ብድር የለም። ተበድራ ለማታውቅ ብቸኛ ሴት ልዩነቱ የሳሙና መግዣ ያህል ነው። ልትተወው ስትል የማኅበሩ ሠራተኛ፣

«ቤተሰብዎም እኮ በእርስዎ በኩል አባል መሆን ይችላሉ» አለቻት።

ያን ዕለት ማታ ለእህቷ ልጅ ደወለች።

«ብድሩ ከባንክ ይረክሳል? እውነትሽን ነው አክስቴ?» ልጅቱ የራሷን የስፌት መኪና ልትገዛ ስታልም የቆየች ናት። ቅዳሜ ሙዝ ይዛ ከች አለች። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በስልኳ ሲደምሩ፣ ሲቀንሱ፣ ሲሳሳቱና ሲሳሳቁ ዋሉ። ሻለቃ ቀድሞ የገባትን ነገር ሁሉ ልጅቱ እንድትደግምላት ትጠይቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። በማኅበሩ ደንብ ቤተሰብ ማለት ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ እህትና ወንድም ነው። ሌላ ዘመድ አባል የሚሆነው አብሮ የሚኖር ከሆነ ነው።

«ምን ችግር አለው?» አለች ልጅቱ። «አብረን ነው የምንኖረው እንላለና።»

ሻለቃ እጇ ላይ ያለውን የሙዝ ልጣጭ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። «ቤቱ ይበቃናል እኮ። ብትመጪስ?»

«ኧረ አክስቴ!» ልጅቱ ሳቀች። «ለወረቀቱ ነው እንጂ። ሥራ ቦታዬ የት፣ ይሄ የት!»

ሰኞ አብረው ሄዱ። ሠራተኛዋ የልጅቱን መታወቂያ አገላብጣ አየችና፣ «አብራችሁ ነው የምትኖሩት?» አለች።

«አዎ» አለች ልጅቱ ፈጠን ብላ።

«ሃምሳ አለቃ?»

ሻለቃ አዎ ልትል አፏን ከፈተች። ግን አዎ ብላ ወደዚያች ክፍል ብቻዋን ስትመለስ ታያት፤ በሩን ስትከፍት፣ መብራቱን ስታበራ፣ ማንም ሳይኖር።

«አይደለም» አለች። «ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ዞረው አዩአት።

ደጅ ላይ ልጅቱ፣ «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ከበደሽ?» አለቻት።

«አብረሽኝ ብትኖሪ ኖሮ እል ነበር።»

ልጅቱ የመጣው አውቶቡስ ላይ ወጣች፤ በመስኮቱም አላየቻትም።

ሻለቃ ትንሽ ቆማ ወደ ውስጥ ተመለሰችና ራሷ አባል ሆነች። ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ምናልባት ወደ ቤት መሄዱን ለማዘግየት ይሆናል።

ስድስት ወር ጠብቃ ደወለች። «ብድር ይፈቀድልኛል። በስሜ ልውሰድልሽና መኪናሽን ግዢ።»

«ከዚያ ነይ አብረን እንኑር ልትዪኝ ነው?»

«አይ። አልልሽም።»

አላለቻትም። ልጅቱ መኪናዋን ገዛች፤ ሥራዋም ቀና። ወር በገባ ቁጥር ብሩን በስልክ ትልክና ትደውላለች።

«ደረሰልሽ አክስቴ?»

«ደርሷል የኔ ልጅ። ደህና ነሽ? ያ ጉንፋን—»

«ደህና ነኝ፤ ደንበኛ ቆሞብኛል፤ ቻው።»

ሻለቃ ብሩን ከባንኳ አውጥታ ከተማውን አቋርጣ ማኅበሩ ቢሮ ትወስዳለች። አንድ ቀን ብድሩ ለእህቷ ልጅ መሆኑን የምታውቀው ሠራተኛ ደረሰኙን እየሰጠቻት፣ «አንድም ወር አላሳለፉም እኮ» አለቻት። «ልጅትዋ ጎበዝ ናት ማለት ነው። ትጠይቅዎታለች?»

«በየወሩ» አለች ሻለቃ፤ ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አውቶቡስ ፍለጋ ወጣች።