የለቀቀው እጅ

መስታወት ቤቱ ለትልልቅ የሱቅ መስኮቶች አዲስ ቡድን ሲያቋቁም፣ ሁሉም "ረጅሙ" ከሚሉት ሠራተኛና ከአማቹ፣ ከሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ በቀር ሠራተኞቹ አይተዋወቁም ነበር። መጀመሪያ ላይ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል። "ወደ ግራ!" ሲባል የማን ግራ እንደሆነ ጭቅጭቅ ይነሳል። አለቃቸው ግን ታጋሽ ሴት ነበረች። መስታወት በተሰበረ ቁጥር ስብርባሪው ሳይጠረግ ዙሪያውን ታቆማቸውና "ምን ሆነ?" ትላለች። የሆነውን ይናገራሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ያርማሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአንድ ትንፋሽ ማንሳት ለመዱ።

አንድ ጠዋት የጫማ መደብር መስኮት ሲገጥሙ የረጅሙ ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ ሄደ። መስታወቱ ዘመመ፣ ተሰነጠቀ፣ የአማቹንም መዳፍ ተለተለው።

"ምን ሆነ?" አለች አለቃዋ ቁስሉን በፎጣ እያሰረች።

ረጅሙን ምላሱ ቀደመው። "ሳንዘጋጅ እሱ ሳበው መሰለኝ" አለ ወደ አማቹ እያመለከተ።

አማቹ የሚደማ እጁን አየ። "ይሆናል" አለ።

ማታ እራት ላይ ሚስቱ የወንድሟን ፋሻ እየቀየረች፣ "ልብህ የት ነበር? ባሌን ብትጎዳብኝስ ኖሮ?" ብላ ተቆጣችው። ረጅሙ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ።

አማቹ ድኖ ሲመለስ ከኋላ ተመደበ። "ልሳብ? ልጠብቅ?" ማለት አበዛ። እሱ ሲያመነታ ሌሎቹም ያመነታሉ። ሌላ መስታወት ተሰበረ።

"አርመነው አልነበር እንዴ? ለምን ባሰብን?" አለች አለቃዋ ግራ ተጋብታ።

ረጅሙ ከዚህ በላይ አልቻለም። "ያን ቀን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ላወጣ።"

አማቹ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። "ቁስሉስ ዳነ። ጋሼ እያልኩህ የገዛ እጄን እንዳላምን አደረግከኝ! እህቴ ስትሰድበኝ እንኳ ዝም አልክ!"

ረጅሙ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሁሉም ስልክ መኪና ውስጥ መቅረት ጀመረ፤ አማቹም ወደ ፊት ተመለሰ። ሥራው ሳይውል ሳያድር ተቃና። አማቹ ግን "አንሳ"፣ "አውርድ" ከማለት በቀር ረጅሙን አያናግረውም፤ ምሳውንም ለብቻው ይበላል።

ረጅሙ ለሚስቱም ራሱ ነገራት። ሣህኖቹን አንስታ አጠበች። በመጨረሻ፣ "ምሳህን ለሁለት እቋጥራለሁ፤ በላም አልበላም አቅርብለት" አለች።

አቀረበለት። አማቹ መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን አዞረ። አንድ ቀን ግን ሣህኑን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ ቀና ሳይል፣ "እህቴ ዛሬ ጨው አብዝታለች" አለ።