የኢያሱ ሞክሼዎች

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የየሺአረግን ልጅ ስም ያወጣው ግን ሟቹ ባሏ ተረፋ ነው። ልጁ ሲወለድ ልጅ ኢያሱ አልጋው ላይ ስለነበረ፣ ተረፋም ለጌታ ማደግደግ የሚወድ ሰው ስለነበረ፣ ሕፃኑን ኢያሱ አለው። ብዙም ሳይቆይ ጌትየው ተሻረ፤ ተረፋም ሞተ። ጎረቤት «ስሙን ለውጪው» ቢላት «አባቱ ያወጣለትን?» ብላ እምቢ አለች።

ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው ልጅ ኢያሱ ተይዞ መታሰሩ ነቀምት ተሰማ። የተረፋ ወንድም ነመራ የሚጠብቀው ቀን መጣለት፤ የሟቹን መሬት ከተመኘ ቆይቷል። ከሸዋ የመጣው ዳኛ ቀኛዝማች ማዘንጊያ ዋርካው ሥር ሲያስችል ቀርቦ ከሰሳት።

«ያ ጎፍታ፣ ጌታዬ፣ ይህች ሴት ልጇን በአመፀኛ ስም ታሳድጋለች። እንዲህ ያለ ቤት የንግሥቲቱን መሬት ይያዝ?»

የሺአረግ ተዘጋጅታ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ገብረክርስቶስ ሲያስጠኗት ነው የሰነበቱት። የልጇን እጅ እንደያዘች፣

«ጌታዬ፣ ኢያሱ አንድ ብቻ ነው እንዴ? ዮርዳኖስን ያሻገረው የነዌ ልጅ ኢያሱ ነው። ጎንደር የነገሠው ታላቁ ኢያሱ አለ፤ የምንትዋብም ልጅ ኢያሱ ነው። የእኔ ልጅ የእነዚህ ሞክሼ ነው» አለች።

ማዘንጊያ ሳቀ። ይህ ሰው፣ የእጁን ይስጠውና፣ በደጉ ዘመን ለልጅ ኢያሱ መሬት የሳመ ነው፤ ስለዚህም አሁን የሌላውን ታማኝነት መመርመር ይወዳል።

«ታላቁን ኢያሱ ያስገደለው የገዛ ልጁ አይደል? ደግ ሞክሼ መርጠሽለታል! ለማንኛውም ነገሩ ቀላል ነው። የተሻረውን እርገሚና እናያለን። ‹ኢያሱ ዘሩ ይጥፋ፣ ደጁ ይዘጋ› በይ።»

«ልጅ ኢያሱ ልበል?»

«ለአመፀኛ ማዕረግ የለውም። ኢያሱ ብቻ በይ።»

«የተሻረው ኢያሱ ልበል ጌታዬ? ልጄ ይሰማል።»

«ይስማ!»

ነመራ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ሰው እንኳ «ይተዋት» አላለም። የሺአረግ መሬቱን አሰበች። እሱን ካጣች ልጇ የሰው ደጅ ሲጠና ሊያድግ ነው። ለእሱ ስትል ዓይኗን ጨፈነች።

«ኢያሱ ዘሩ ይጥፋ። ደጁ ይዘጋ።»

እርግማን ቀልድ አይደለም፤ ከእናት አፍ ሲወጣ ደግሞ ያስፈራል። ሴቶቹ አማተቡ። ልጁ እጁን መንጭቆ ከእጇ አወጣ።

«መሬቱ የልጁ ነው» ብሎ ፈረደ ማዘንጊያ። የሺአረግ እጅ ልትነሳ ጎንበስ ስትል ቀጠለ። «የልጅ መሬት ግን ከአሳዳጊው ጋር ይሄዳል። በአደባባይ የረገመችው እናት ታሳድገው ወይስ አጎቱ? እኔ ግፍ አልሠራም፤ ልጁ ራሱ ይምረጥ።»

ነመራ እጁን ዘረጋ። «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አለው፤ ና ልጄ።

«ኢያሱዬ፣ አንተን አይደለም እኮ! ያንን፣ የታሰረውን ነው የረገምኩት!»

ልጁ ስለ ነገሥታት የሚያውቀው የለም። ስሙን ግን ያውቃል። ሄዶ ነመራ ጋቢ ሥር ገባ። እሷ እንደገና «ኢያሱዬ» ብላ ስትጮህ ፊቱን ሸሸገ።

«ወሲላ» አለ አጎቱን፣ «ስሜን እንዳትጠራው ንገራት።»