ለናሙናው የተሰጠ ምስክር

አንዱን የቤት መጠበቂያ ካሜራ በሌላው ካሜራ ምስጢራዊ ቁልፍ ሞከረችው፤ ተከፈተ። ከካርቶን ሦስተኛ አውጥታ ሞከረች። እሱም ተከፈተ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች።

የካሜራ አምራች ድርጅቱ ሰው ቆቅ የሚላት በሙከራ ክፍል ምንም ነገር ስለማያመልጣት ነበር፤ ይኸኛው ግን አምልጧታል። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ሊኖረው ሲገባ ሁሉም የያዙት የአንዱን ነው፤ የደህንነት የምስክር ወረቀት ለማግኘት ተለቅሞ፣ ተፈትሾ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ የተላከውን የናሙናውን። ናሙናው ሲያልፍ በደስታ ሰከሩና «ያለፈውን እንዳለ ገልብጡት!» ተባለ። ገለበጡት፤ ከነቁልፉ። እንግዲህ አንዱን ካሜራ የገዛ ሌባ የሁሉንም ጓዳ ማየት ይችላል ማለት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሮጣ ገባች።

«ጋሼ፣ የተሸጡትን መሰብሰብ አለብን። ቁልፉ ቺፑ ላይ የታሸገ ስለሆነ ከሩቅ አይቀየርም።»

«ማን አስገድዶን?» አለ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። «የምስክር ወረቀቱ የሚወሰደው በፈቃደኝነት ነው። ገበያው ላይ ካለው ዕቃ ስንቱ ጭራሽ አልተፈተሸም፤ እነሱን ማን ጠየቃቸው? እኛ ወደን ስለተፈተንን ልንቀጣ?»

«ካርቶኑ ላይ ‹ተፈትሾ አልፏል› የሚል ምልክት አለ እኮ!»

«ናሙናው አላለፈም? ብንሰበስብ ድርጅቱ ይዘጋል፤ አንቺም እኔም ጎዳና ነን። በይ የኔ እህት፣ ወደ ሥራሽ።»

የምስክር ወረቀቱን ወደሰጠው ቢሮ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሁት ነበረች፤ ትሕትና ደግሞ ሲበዛ ያናድዳል።

«ምልክቱን መንጠቅ እንችላለን፣ እህቴ። የተሸጠውን አስመልሱ ማለት ግን አንችልም።»

«ለገዢዎቹስ ማን ይንገራቸው?»

«አምራቹ ነዋ፤ ፈቃደኛ ከሆነ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈቃደኛ ሊሆን! ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጣ። ለታላቅ ወንድሟ «ዝም ብለህ አትግዛ፣ ምልክት ያለውን ፈልግ» ብላ ይህንኑ ካሜራ ያስገዛችው እሷ ናት። አልጋ የያዘች እናታቸው እሱ ቤት ናት፤ እሱም ሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ ያያታል።

ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ እሱ ጋ ሄደች። ነገሩን እስክትጨርስ አላስቻለውም።

«እና ልንቀለው? ያኔ ከአልጋ ስትወድቅ ያየኋት በሱ ነው። አንቺ ሥራ፣ እኔ ሥራ፤ ማን ይያት?»

«ሌላ ግዛ፣ ወንድምዓለም።»

«የትኛውን? ሌባ የማይከፍተውን ንገሪኝና አሁኑኑ ልግዛ።»

እሷ ያልተፈተሸውን አታውቀው፤ የተፈተሸውን ደግሞ ታውቀዋለች።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች እናት ከአልጋዋ።

«እማዬ፣ በዚህ ካሜራ ባዕድ ሰው ሊያይሽ ይችላል።»

እናት ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። ከዚያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«ስታጥቢኝም ነበር?»

ወንድምየው ፊቱን አዞረ። ልጅቷ የአንገት ልብሷን ፈትታ ካሜራውን ሸፈነችው። ውሃ አሙቃ እናቷን አጠበቻት፣ የሌሊት ልብሷን ለወጠችላት፣ ትራሱን አመቻቸችላት።

«በይ ደህና እደሪ፣ እማ» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ እስከ በሩ ሄደች። ነገ ጠዋት ወንድሟም ወደ ሥራ ይወጣል፤ እናታቸው ብቻዋን ናት። ተመለሰች፤ ተንጠራርታም የአንገት ልብሷን ከካሜራው ላይ ገፈፈች።