ለዘመድኩን የተረፈው ወንበር

ጋሽ ዘመድኩንን አልምረውም ብዬ የማልኩት እናቴ በሞተች ሳምንት ነው።

እሱ የማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ የቴሌግራም ግሩፑም አድሚን እሱ፣ ማስታወቂያ የሚለጥፈውም እሱ ብቻ። ስለ ቦርድ ምርጫው አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፣ ከግሩፑ ሪሙቭ አደረገኝ። ጉድ እኮ ነው! በነጋታው የእናቴ መርዶ ከአገር ቤት መጣ። እዚህ ሲያትል ለቅሶ የሚደረሰው ግሩፑ ላይ ሲነገር ነው፤ አድራሻው ይለጠፋል፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ምግብ ይዞ ይመጣል። የኔን ማን ይለጥፍልኝ? ዘመድኩንን ኮል ባደርግ ባደርግ አይነሳም፤ ለካ ቁጥሬንም ብሎክ አድርጎታል። ለሌላው ደውዬ «ኑ አልቅሱልኝ» ልበል እንዴ? ቡሪየን ባለችው አፓርታማዬ ወንበር ደርድሬ፣ በር በሩን እያየሁ ብቻዬን አለቀስኩ። ዘግይቶ የሰማው ሰው እያፈረ አንድ በአንድ መጣ። እሱ ግን ዝር አላለም።

ቆይ ብቻ፣ አልኩ።

መጀመሪያ ግሩፑን ልቀማው አሰብኩ። ቸርች የማውቀው ጌዴዎን የሚባል ልጅ አለ፤ ሶፍትዌር ነው የሚሠራው። «እናኑ፣ ሌላ ግሩፕ ከከፈትሽ ነገ ሌላ ዘመድኩን ይመጣል» አለኝና ለየሰፈሩ የየራሱን የመጻጻፊያ ሰርቨር አቆመ፤ ለቡሪየን፣ ለኤቨረት፣ ለማውንትሌክ ቴራስ። ልክ እንደ ኢሜይል ነው፤ ያንተ ከአንድ ድርጅት፣ የኔ ከሌላ ይሁን እንጂ እንጻጻፋለን። የሁሉ አለቃ የለም። አንዱ ጋ ቢያባርሩህ ሌላው ጋ ገብተህ ትጽፋለህ። ሰው እየጎረፈ መጣ፤ ዘመድኩን ባዶ ግሩፕ ታቅፎ ቀረ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ግን እሱም መጣ። የቡሪየኑ አድሚን እኔ ነኝና ወዲያው ብሎክ አደረግኩት። ሲመሽ በማውንትሌክ ቴራስ ሰርቨር ገብቶ ሲጽፍ አየሁት።

«አጥፋልኝ!» አልኩት ጌዴዎንን።

«እዚያ ሥልጣን የለሽም። ሶ፣ ሲሠራ እንደዚህ ነው።»

ኦኬ፣ ወንበሩን እነጥቀዋለሁ አልኩ። ቦርዱ ሰባት ወንበር አለው። በድሮው ደንብ ብዙ ድምፅ ያገኘው ቡድን ሰባቱንም ጠራርጎ ይወስዳል። ባለፈው ምርጫ የኔን ቡድን ከመቶው አርባ ሰው መርጦን አንዲት ወንበር አላገኘንም። ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ምርጫው ተመጣጣኝ ይሁን አልኩ፤ ሁሉም ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ይውሰድ። አፌ ፍትሕ ፍትሕ ይላል፤ ልቤ ያው ዘመድኩን ላይ ነው። የራሳቸውን ቡድን ይዘው የሚወዳደሩት ኤቨረቶችም ሁሌ ባዶ እጃቸውን መመለስ መሯቸው ስለነበር ደገፉኝ፤ ደንቡ ተለወጠ።

ምርጫው በቸርቹ አዳራሽ ተደረገ። ከመቶው ሃምሳ ሰባቱ እኛን መረጠ። እልል ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። አስመራጩ ግን ማንበቡን ቀጠለ፤ ለእኛ አራት ወንበር፣ ሃያ ዘጠኝ ድምፅ ላገኘው ለዘመድኩን ቡድን ሁለት፣ ለኤቨረቶች አንድ።

ዘመድኩን ቦርድ ሊገባ ነው! በድሮው ደንብ ቢሆን ሰባቱም የኔ ነበር፤ እሱም ዛሬ ቤቱ ይውል ነበር። በገዛ እጄ! ደሜ ፈላ።

እጁን ዘርግቶ እየሳቀ መጣ። «እንኳን ደስ አለሽ። ያንቺ ደንብ ባይኖር ወድቄ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

እጁን ያዝኩና አልለቅም አልኩ። «መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ ይበሉኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ምነው? ማን ሞተብሽ?» አለ ደንግጦ።

ፊቱን አየሁት፤ ማስመሰል አልነበረም። ይሄ ሁሉ ጊዜ የምበቀለው ሰውዬ ምን እንዳደረገኝ አያውቅም። አለማወቁ ደግሞ ይብስ አንጨረጨረኝ።

«እናቴ» አልኩት። «ይቀመጡ፣ እነግርዎታለሁ።»

ተቀመጠ። አልቅሼ እስክጨርስ እጁን አልለቀቅኩትም።