የኩፍኙ ዓመት ስለት

«እማ፣ ስለቱን ስትሳዪ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?»

 የዝናሽ እጅ የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ ነበር። «ዝም በል! በሦስት ዓመትህ ምን አፍ ነበረህና!» አለችና የልጇን የሙሉሰውን ሸሚዝ ሊቀደድ እስኪደርስ አሸችው። ልጁ ሳፋውን የሚሞላ ውሃ ሊቀዳ ወጣ። 

ነገሩ የቆየ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጽጽቃ ከተማ አጠገብ በአባቷ ቀዬ ሳሉ ሙሉሰውን ኩፍኝ ያዘው። ዓይኑ ተጣበቀ፤ ውሃ እንኳ አልወርድለት አለ። ዝናሽ ማርያም ደጃፍ ተንበርክካ፣ ሰው ሲጨንቀው በሚመጣለት በእናቱ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ «ይህን ልጅ ከተውሽልኝ ያንቺ አገልጋይ ይሁን፤ አሥራ ሦስት ሲሞላው ከየኔታ እጅ አስገባዋለሁ» አለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ቂጣ ጠየቀ።

አሁን አሥራ ሦስት ሞላው። ሰቆጣ ከገቡ ወዲህ ሰባተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ሂሳብ ሲያገኝ ምሳውን ይረሳል። ዝናሽ ግን ዓመቱ ከደረሰ ጀምሮ መቀመጫ አጣች። ዶሮ ሲሞትባት ስለቱ ነው። ግንበኛው ባሏ ሀይሉ እግሩ ላይ ድንጋይ ሲወድቅበት ስለቱ ነው። ትንሿ ልጇ ማስተዋል ያሳላት እንደሆነ ዝናሽ በሌሊት ተነስታ የልጅቷን ግንባር ትዳስሳለች፤ ትተኛለች፤ ደግሞ ተነስታ ትዳስሳለች።

«ከእመቤቴ ጋር የተነጋገርሽው አንቺ፤ እኔ በመካከላችሁ አልገባም» ይላታል ሀይሉ።

ባለሱቋ ሀሚዳ ደግሞ ሳሙና እያቀበለቻት ሳቀች። «ኧረ ዝናሽ! ልጅ ነው እንጂ ጧፍ ነው እንዴ የምታስገቢው? እኛም ዘንድ ስለት አለ፤ በግ ነው የምናርድ።»

«ያልጨነቀው ይስቃል» አለቻትና ሳሙናውን ይዛ ወጣች።

እሑድ ከሰዓት ዝናሽ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች። የቤት ሥራዋን የሚያርምላት ሙሉሰው ነው። «እማ፣ ይቺ ‹ሸ› ባርኔጣዋን ጥላ ነው የመጣችው» እያለ ያስቃታል። ከዚያ ጥያቄ በኋላ ባለው እሑድ ግን ስህተቷን አስምሮ ደብተሩን መለሰላት እንጂ አልቀለደም።

የፍልሰታ ጾም በሚገባበት ዕለት ስለቷን ልታደርስ ልጇን ይዛ የአብነት ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ ፃግብጂ ተነሳች። ለሱ የሽምብራ ቆሎ፣ በሶና አዲስ ለምድ አሰናዳች፤ ለራሷ ለመንገድ ማጥኛ ደብተሯን ያዘች። ከበሶው ሥር የሂሳብ መጽሐፉን ሲከት አይታ እንዳላየች ሆነች። ከሚኒባሱ ወርደው በጭቃው ሽቅብ ተያያዙት።

«እማ፣ ሰውየው ይማታል?»

«‹ሰውየው› አይባሉም፤ የኔታ ናቸው።»

«የኔታ ይማታሉ?»

«ካጠፋህ።»

«እኔ ሳላጠፋ ነዋ እየሄድሁ ያለሁት።»

ልትቆጣው ዞረች። ፊቱ የቀልድ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥረ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ሱባኤ የገቡ አሮጊቶች ለጾሙ የሚሰነብቱባቸውን ትንንሽ የሣር ጎጆዎች ይቀልሳሉ። የአብነት መምህሩ መሪጌታ ገብረ አምላክ ከጥድ ሥር ተቀምጠው ቃል በቃል እያስደገሙ ተማሪ ያስቀጽላሉ። የዝናሽን ነገር እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልጁስ ምን ይላል?»

«ልጅ አይደል የኔታ፤ እርስዎ ይቀበሉኝ እንጂ ይለምደዋል።»

«የጠየቅሁት እሱን ነው።»

ሙሉሰው በእግሩ ጣት ጭቃውን ጫረ። «እኔ አልፈልግም» አለ። «ግን ከተመለስሁ ማርያም ማስተዋልን ትገድላታለች። ስለዚህ እቀራለሁ።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ። «ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ማንም አላለኝም። እማ ሌሊት የማስተዋልን ግንባር ስትዳስስ አያለሁ።»

ዝናሽ ከጥዱ ሥር ቁጭ አለች። ክሩን አንገቱ ላይ ያሰረችለት እሷ ናት። ጾሙን፣ ስግደቱን፣ እንጀራ ሳይቆረስ ማማተቡን ያስለመደችው እሷ ናት። ይህን መቼ አስተማረችው? አንድ ቃል ሳትናገር፣ በመዳፏ ብቻ፣ የአምላክን እናት ልጅ ገዳይ አድርጋ አሳየችው።

«በፍርሃት የመጣ ልጅ አልቀበልም» አሉ መሪጌታ። «ድምፁ ይንቀጠቀጥብኛል። ያን ቃል የተናገረ የማን አፍ ነው?»

«የኔ ነው፣ የኔታ።»

«እንግዲያው ቃሉን የሰጠችው ታገልግል፤ እዚሁ አለች። ሱባኤው ሁለት ሳምንት ያልፋል። እኒህ እናቶች ውሃ የሚቀዳላቸው የለም፤ ግቢውም ጠራጊ ይፈልጋል።»

«ይበቃል? እመቤቴስ ትቀበለኛለች?»

«እሱን አላውቅም» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ልጁን እንደማልወስድ ግን አውቃለሁ።»

ይህ አላሳረፋትም። «ይበቃል» ቢሏት ትተነፍስ ነበር። ልጇን ወደ ቤት ልትሸኝ ወደ መንገዱ ስትወርድ ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ሦስቴም ወደ የኔታ ልትመልሰው አሰበች። አራተኛ ሳትቆም ሚኒባሱ ደረሰ።

ሙሉሰው ለምዱን አውልቆ ሰጣት። «እዚህ ይበርዳል። ልበሺው።»

«ለአባትህ ንገረው። ማስተዋልን ከዝናብ አስገቧት።»

«የቤት ሥራሽንስ ማን ያርማል?»

«ደብተሬን ይዣለሁ፤ ስመለስ ታርመዋለህ።»

«‹ሸ›ን አትርሺ፤ ከነባርኔጣዋ።»

ረዳቱ «ግባ፣ ግባ!» እያለ ጮኸ። ዝናሽ የልጇን እጅጌ ያዘች።

«ያን ጊዜ ያልጠየቅሁህ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ግን እሷ እንደኔ አይደለችም፤ ሰምተሃል? እሷ ልጅ አትገድልም።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እማ?»

ረዳቱ በሩን ዘጋው። በመስኮቱ «አዎ» ብላ ራሷን ነቀነቀችለት፤ ይየው አይየው አላወቀችም። መኪናው ጭቃውን እየረጨ ቁልቁል ወረደ። እሷ ለምዱን በነጠላዋ ላይ ደርባ፣ ባዶ ጀሪካን የተሸከመች አሮጊት ወደ ምንጩ ስትወርድ አይታ ተከተለቻት።

ሙሉሰው ሄደ። ዝናሽ ቀረች።