የኤቢሴ ሪሞት

ዋቅጋሪ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ጉደር ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ወንበሩን የተማሪ ደብተር መደርደሪያ እንጂ መቀመጫ አላደረገውም። ጡረታ ወጥቶ አምቦ ከገባ ወዲህም እግሩ አልረጋም፤ ከበር እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ በር። ቴሌቪዥን እንኳ ቆሞ ነው የሚያየው፣ እሱም ማየት ከተባለ። ዜና አንባቢው ሰላምታውን ሳይጨርስ ኳስ ላይ፣ ኳሱ ሳይነካ አንበሳና ሚዳቋ ላይ። ሚስቱ ኤቢሴ ደህና ሳለች፣ «አንተ ሰው፣ አንዱን እንኳ ጨርሰን ብናይ ምን አለበት?» ትለው ነበር። አሁን አትለውም።

ኤቢሴን ግማሽ ጎኗን የያዛት ከሦስት ወር በፊት፣ ከገበያ ስትመለስ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጅና እግሯ አይታዘዝላትም፣ አፏም ቃል አያወጣም። ሐኪሙ፣ «የሚነገራት ይገባት እንደሆነ ጊዜ ያሳየናል፤ ብቻ ያናግሯት» ብሎ ነበር። አናገራት። «ኤቢሴ፣ አንድ ቃል ብቻ በይኝ» እያለ ሁለት ሳምንት ለመናት። ትዕግሥት ግን ድሮም አልፈጠረበትም፤ ተወው። ስለ እሷ ማውራት እንጂ ከእሷ ጋር ማውራት ቀረ።

ልጃቸው አቢጊያ አዲስ አበባ ባንክ ትሠራለች። እናቷን በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በመኪና መጥታ ልትወስዳት፣ አስታማሚ ቀጥራ አምስተኛ ፎቅ ላይ ልታኖራት ቆርጣለች። የቀረው የአባቷ እሺታ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ዋቅጋሪ እሺ ማለት ፈልጓል። ደክሞታል። ማገላበጡ፣ ማንኪያ ይዞ መለመኑ፣ ከሁሉም በላይ ያ ዝምታዋ። ግን ደግሞ አርባ ዓመት አብራው የኖረችን ሴት እንደ ዕቃ ጭኖ መላክ፣ ነገሩ ምላሱ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል። እሑድ እነግርሻለሁ ብሏታል።

ሰኞ ዕለት አቢጊያ የላከችው የዲሽ ባለሙያ፣ ቶኩማ የሚባል፣ ሁለት ሥራ ይዞ መጣ። አንዱ ልጅቷ እናቷን በቪዲዮ እንድታይ የቤት ኢንተርኔት ማስገባት ነው፤ ሌላው ኤቢሴ መኝታ ቤት ቴሌቪዥን መግጠም። ጣሪያ ወጣ፣ ግድግዳ በሳ፣ ገመድ ጎተተ፣ ሲጨርስም እጁን እያራገፈ ሳሎን ገባ።

«ኦቦ ዋቅጋሪ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ቴሌቪዥኑ ሁለት ነው፣ ሪሲቨሩ ግን አንድ። እርስዎ እዚህ የሚያዩትን ነው አዴ ኤቢሴም እዚያ የሚያዩት። ድምፁም እንደዚያው ነው፤ ከዚህ ከጨመሩት እዚያም ይጨምራል።»

«ችግር የለም። እሷ ምን ታማርጣለች ብለህ ነው።»

ቶኩማ ወደ መኝታ ቤቱ አየት አደረገ። ከዚያ ከቦርሳው ጫፉ ላይ ባቄላ የምታህል ጥቁር ዓይን ያለችው ቀጭን ገመድ አወጣ። «ይቺን አልጋቸው አጠገብ እለጥፋታለሁ። የሪሞቱን ትእዛዝ ከዚያ ተቀብላ ለዚህ ሪሲቨር ታደርሳለች። ትርፍ ሪሞት እኔ ጋ አለ፣ ከእኔ ይሁንላቸው።»

ዋቅጋሪ ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ። «ለማን? ለኤቢሴ?»

«ግራ እጃቸው ደህና አይደል? ይኑራቸው እንጂ።»

ሄዶም ከግራ መዳፏ ሥር አስገባላት። «አዴ፣ ይቺ ቻናል መቀየሪያ ናት፣ ይቺ ድምፅ፣ ቀይዋ ማጥፊያ» እያለ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስረዳት። ዋቅጋሪ በሩ ላይ ቆሞ ይሄ ሰው ሌላ ሥራ የለውም ወይ ሲል አሰበ።

ኢንተርኔቱ ግን መኝታ ቤት አልደርስ አለ። ቤቱ የጥንት ጭቃ ቤት ነው፣ ግድግዳው ክንድ ይሞላል፤ ራውተሩ ሳሎን ተሰክቶ ኔትወርኩ የመኝታ ቤቱ በር መጋረጃ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። ቶኩማ ማራዘሚያ ፈልጎ እንደሚመለስ ቃል ገብቶ ሄደ። ስለዚህ አቢጊያ በደወለች ቁጥር ዋቅጋሪ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ሳሎኑን እየተንጎራደደበት፣ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ከእሱና ከኤቢሴ መካከል ያለው ያ መጋረጃ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ዕለት እንዲሁ እየተንጎራደደ፣ «ምን ልበልሽ ልጄ፣ ይሄ ኑሮ ነው? እግዜር ቢወስዳት ለእሷም ለእኔም በተሻለ ነበር» አለ። አቢጊያ አለቀሰች። እሱም ምላሱን ነከሰ፣ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ዐመል አወጣ። ዜና ላይ ሲያደርገው ራሱ ሄዶ መዝሙር ላይ ቁጭ ይላል። ኳስ ላይ ሲመልሰው ይጠፋበታል። ዋቅጋሪ ለቶኩማ ደውሎ፣ «ሥራህ ሥራ አይደለም» አለው። ቶኩማ ሐሙስ መጥቶ ሳህኑንም ገመዱንም አየ።

«ዲሹ ምንም አልሆነም፣ ኦቦ ዋቅጋሪ። የአዴ ሪሞት ይሆናላ።»

«እጇ ወድቆበት ነዋ።»

ቶኩማ ትክ ብሎ አየውና ሊል ያሰበውን ውጦ ሄደ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሌላ ቢሆን አይውጠውም ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስልኩ ጮኸ። ቴሌቪዥኑ በቀስታ መዝሙር እያሰማ ነው።

«እሺ አባ፣ ምን ወሰንክ?» አለች አቢጊያ። «ሃርሜን ቅዳሜ እንውሰዳት?» እናቷን ማለቷ ነው።

ዋቅጋሪ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው፣ ከሶፋው ወደ መስኮቱ ተመላለሰ። «ውሰጃት» አለ በመጨረሻ። «እኔ አልቻልኩም። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ሰው አይደለም፣ ግንድ ነው። የት እንዳለች እንኳ አታውቅም፤ እዚያ ሆነች እዚህ ሆነች ለእሷ ምኗ ነው?»

የመዝሙሩ ድምፅ ጨመረ። ዋቅጋሪ ሪሞቱን አንስቶ ቀነሰው።

«አልሰማሁህም አባ፣ ምን አልክ?»

«ቅዳሜ ኑ ነው የምልሽ።»

ቴሌቪዥኑ ግርጌ ያለው ቁጥር ሠላሳ ደረሰ። ቀነሰው። አርባ። አውራ ጣቱን ጭኖ እስከ ዜሮ አወረደው፤ ጣቱን ከማንሳቱ ቁጥሩ ሽቅብ ተመለሰ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ። መዘምራኑ ከሁለት ክፍል ባንድ አፍ ቤቱን ሞሉት፣ የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ መጋረጃውን ገለጠና ሪሞቱን ሊነጥቃት ገባ። «ይሄን ነገር» ብሎ ጀመረና ክው ብሎ ቀረ።

እጇ አልወደቀበትም። ኤቢሴ ሪሞቱን ደረቷ ላይ አድርጋ ጨብጣዋለች፣ አውራ ጣቷ ቁልፉን ከመጫኑ ብዛት ጥፍሩ ነጥቷል። ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ያንን ዓይን ያውቀዋል፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንግዳ ፊት ሲቀባጥር የምታየው ዓይን ነው።

«ኤቢሴ፣ ትሰሚኛለሽ?»

የቴሌቪዥኑ ድምፅ ቀስ እያለ ወረደ።

«እስቲ ደግሞ ጨምሪው» አለ አስተማሪው። አልጨመረችም። ተማሪው አይደለችም።

ሚስቴ አለች የሚለው ደስታ ገና ደረቱን ሳይሞላ ማክሰኞ ትዝ አለው። ግንዱም ትዝ አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኤቢሴ ጆሮ ግን ባዳ አልሆነባትም፣ ከመጋረጃ ኋላ ተኝታ ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች። እሱ ሲለምናት የነበረው ደግሞ አንድ ቃል ነው፣ የሌላትን። ያላት ዓይንና ግራ እጅ ነበር፤ ቁጭ ብሎ ያየላት ሰው አልነበረም።

«ማክሰኞ ያልኩትን ሰምተሻል?» አለ።

ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። አውራ ጣቷ ቀይዋን ቁልፍ ፈለገ፣ ሁለት ጊዜ ሳተ፣ አገኘው። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፤ የሳሎኑም አብሮ ጠፋ። ቤቱ ጭር አለ።

«አባ? ምን ሆናችሁ?» አለ ከሳሎን ስልኩ። «ቅዳሜ እንምጣ ወይ?»

«ኑ» ብሎ ጮኸ ዋቅጋሪ። «ልትጠይቋት ኑ። አዲስ አበባ አትሄድም፤ ራሷ ነግራኛለች።»

አቢጊያ ደጋግማ ተጣራች፣ እሱ ግን ወደ ሳሎን አልተመለሰም። አልጋው አጠገብ ጠያቂ የሚቀመጥባት ዱካ አለች፤ እሱ ሲያበላት እንኳ ቆሞ ነው እንጂ በሦስት ወር አንድ ቀን አልተቀመጠባትም። ስቦ ተቀመጠ። ኤቢሴ ሪሞቱን ይዛ ትጠብቃለች፣ ቴሌቪዥኑን አላበራችለትም።

«እሺ» አለ። «ከማክሰኞው ልጀምር።»